«ሰው ምን ይለኛል?» የሚለውን ፍርሃት በመጠይቅ መፈተን



በዛሬው ትምህርታችን ብዙዎቻችንን ከሰው ፊት ስለሚያሸሸን አንድ ሐሳብ እንማራለን። ይኸውም «ሰው ምን ይለኛል?» የሚለው ነው።

በሠፈራችን በማሕሙድ ሃይቤ የምትኖር አንዲት ተማሪያችን ሱቅ መላላክ እርም ብላ ነበር። ምክንያቱ ሶማልኛዋ ነው። ወተት ስትጠይቅ «ዓኖ» በሚለው ቃል መጀመሪያ ላይ ያለው ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ እምቢ ይላታል። ፊደሉ በአማርኛ ቀርቶልናል፤ ድምፁ ግን ጠፍቶብናል። አንድ ቀን ልጆች ሳቁባት። ከዚያ ወዲህ «ሁሉም ደደብ ናት ይለኛል» እያለች ታናሽ ወንድሟን ትልክ ጀመር። ውሎ አድሮ ክፍል ውስጥም እጅ ማውጣት ተወች። ስሟን ሳልጠቅስ ታሪኩን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች።

ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የሚባል የሥነ ልቦና ሕክምና አለ። መሠረቱን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጣለው አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ ነው። ሰውን የሚያስጨንቀው የደረሰበት ነገር ብቻ ሳይሆን ለነገሩ የሚሰጠው ትርጉም ጭምር ነው ይላል። ስለዚህ ክፉውን ሐሳብ እንደ ግምት ቆጥረን ማስረጃ እንፈልግለታለን። የሚፈራ ሰው ግን መልሱን ሳይሰማ ስለሚሸሽ ግምቱ ሳይፈተን ይኖራል። መጠይቅ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ ግምትን አስቀድሞ መጻፍ። ተማሪያችን «ከአሥር ሰው ዘጠኙ ደደብ ናት ይላል» ብላ ጻፈች።

2ኛ/ ጥያቄውን ማዘጋጀት። «አትስቁባትም አይደል?» ብንል ሰው በይሉኝታ «አንስቅም» ይለናል። ስለዚህ «አንዲት የውጭ አገር ልጅ ሶማልኛ ስትሳሳት ብትሰሙ ምን ታስባላችሁ?» አልን።

3ኛ/ ልዩ ልዩ ሰዎችን መምረጥ። ወዳጅ ብቻ አይበቃም፤ የምንፈራቸው ዓይነት ሰዎችም ይኑሩበት። ባለሱቅ፣ ባጃጅ ነጂ፣ ጎረቤትና እኩዮቿን መረጥን። የጠየቅነው እኔና አንዲት ጓደኛዋ ነን።

4ኛ/ መልሱን እንደተነገረ መመዝገብ፤ የሚያስከፋውንም ጭምር።

5ኛ/ ከግምቱ ጋር ማስተያየት፤ ከዚያም በተግባር መሞከር።

አሥር ሰው ጠየቅን። አንድ ወጣት «እስቃለሁ» አለን፤ አልደበቅናትም። አራቱ «የምትለው ከገባኝ ምን አስባለሁ?» አሉ። ሦስቱ «መሞከሯ ደስ ይለኛል» አሉ። የቀሩት ሁለቱ ራሳቸው በሰው አገር ቋንቋ የተቸገሩ ነበሩ። አንዷ ወተት የሚሸጡት ኤዶ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በዚያድ ባሬ መንግሥት ስትደበደብ ወደ ኢትዮጵያ ሸሽተው በሐርትሼክ መጠለያ ኖረዋል። «ጅግጅጋ ገበያ ወርጄ በአማርኛ ስገዛ ቃሉ ይጠፋኝ ነበር። እንዲህ ያለች ልጅ ሳይ ራሴን አያለሁ» አሉን። «ደደብ ናት» ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

ተማሪያችን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። የሚስቅ ሰው መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን አንዱ ሳቀ ማለት ከተማው ሁሉ ሳቀ ማለት አይደለም። በሳምንቱ ራሷ ሄዳ ወተት ገዛች። ድምፁ ዛሬም እምቢ ይላታል፤ ወተቱን ግን ታገኛለች።

ሆኖም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሚሰድባችሁ፣ የሚመታችሁ ወይም የሚያስፈራራችሁ ሰው ካለ ይህ የሐሳብ ስሕተት አይደለምና መጠይቅ አይፈታውም፤ ለወላጅ ወይም ለመምህር ንገሩ። ደግሞም አንዱን ጥያቄ ቀን በቀን መጠየቅ ፍርሃትን ይቀልባል እንጂ አያጠፋም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴንም አልጨረስኩም። እንቅልፍ የሚነሣ ወይም ተስፋ የሚያስቆርጥ ጭንቀት ያለበት ተማሪ ወደ ጤና ባለሙያ ይሂድ፤ ብቻውን መሄድ ከከበደው አብሬው እሄዳለሁ።

መልመጃ፦
ሀ/ «ሰው እንዲህ ይለኛል» የምትሉትን አንድ ግምት ጻፉ። ከአሥር ሰው ስንቱ እንዲያ የሚል ይመስላችኋል?
ለ/ መልሱን የማያስገድድ አንድ ጥያቄ አዘጋጁ።
ሐ/ ማንን ትጠይቃላችሁ? ከእነርሱ መካከል የምትፈሩት ሰው አለ?

ደብተራችሁን ለእኔ ማሳየት ግዴታ አይደለም።