በሂንዱዎች ሥዕል ስለ አራቱ እጆችና ስለ ምሉዕነት ትርጓሜ

ዛሬ መርካቶ የሚባለው የአዲስ ከተማ ገበያ በኢጣልያ ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ከአራዳ ተዛውሮ የተቋቋመ ነው። ሕንዶች ነጋዴዎች ግን ከዚያ አስቀድመው ከዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ ጀምረው በአዲስ አበባ ይነግዱ ነበር። ሃይማኖታቸውም አንድ አልነበረም፤ የስመ ጥሩው የመሐመድ አሊ ንግድ ቤት ባለቤቶች የእስልምና ተከታዮች ሲሆኑ ከሌሎቹ መካከል ሂንዱዎች ነበሩ።

ሂንዱዎች የዓለም ጠባቂ የሚሉትን የቪሽኑን ሥዕል አይቶ ተማሪ በአራቱ እጆቹ ቢስቅ፥ መምህሩ አይቆጣው፤ በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ሥላሴ በሦስት ሽማግሌዎች መልክ መሣላቸውን ያስታውሰው። ትምህርቱ አንድ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ሠዓሊ ሁሉ የማይታየውን በሚታይ ነገር ይገልጣል። አራቱ እጆች በአራቱ ማዕዘን የሚደርስ ሥልጣንን ያመለክታሉ። የያዘው የባሕር ቀንድ የፍጥረት መጀመሪያ ድምፅ፥ ስለታሙ ክብ መሣሪያ ክፋትን የሚቆርጥ ሥርዓት፥ ዱላው ኀይል ነው። የውኃ አበባውም ንጽሕና ነው፤ ከጭቃ በቅሎ ጭቃ አይነካውምና።

እጆቹ ቢበዙም ባለቤቱ አንድና «ፑርና»፥ ማለት ምሉዕ ነው ይላሉ፤ ፍጥረት ሁሉ ከእርሱ ቢወጣ እርሱ አይጎድልም። ይህን ለልጆች በጧፍ ማሳየት ይቻላል፤ ከአንዱ ጧፍ መቶ ቢለኮስ የፊተኛው ብርሃን አይቀንስም። ሰሙስ አያልቅምን? ብሎ የሚጠይቅ ብልኅ ልጅ አይጠፋምና፥ ምሳሌው ስለ ብርሃኑ ብቻ መሆኑን አስቀድሞ መንገር ይገባል።