ለሐይቅ የተሠራች ጀልባ በጨው ባሕር ስትውል፦ ጀልባይቱንና ሞተሯን ከዝገት ስለ መጠበቅ

ሰው በእግሩ ሰሌዳ አስሮ፣ በገመድ እየተሳበ፣ በውኃ ፊት ቆሞ የሚንሸራተትበት ጨዋታ የተወለደው በባሕር ሳይሆን በሐይቅ ነው፤ ራልፍ ሳሙኤልሰን የተባለው የሚኒሶታ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1922 ይህን ያሳየው በፔፒን ሐይቅ ላይ ነበርና። ለዚሁ ጨዋታ ተለይተው የተሠሩት ሳቢ ጀልባዎችም፣ የፍሎሪዳው ኮሬክት ክራፍት ከ1961 ጀምሮ ያወጣው ስኪ ናቲክም ሆነ በ1968 በቴነሲ የተቋቋመው የማስተርክራፍት ሥራ፣ በአብዛኛው የሐይቅን ውኃ አስበው የተነደፉ ናቸው። ሞተራቸው ከአውቶሞቢል ሞተር የወጣና ለውኃ ሥራ የተዘጋጀ ሲሆን አካሉ ብዙ ጊዜ ጊዛ ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ራዲያተር ስለሌላቸው የሚበርዱት ጀልባይቱ የምትንሳፈፍበትን ውኃ ከታች ስበው፣ በሆድ ዕቃቸው አዙረው፣ ከጭሱ ጋር ወደ ውጭ በመትፋት ነው። እንግዲህ ይህችው ጀልባ ወደ ማያሚ ወይም ወደ ዱባይ ዳርቻ በወረደች ጊዜ ሞተሩ የሚጠጣው ባሕሩን ራሱን ነው፤ ያውም የውቅያኖስ ውኃ በአማካይ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ሲይዝ፣ ፀሐይ የሚበረታበትና ወንዝ የሚያንስበት የባሕረ ሰላጤው ውኃ 40 ግራም ገደማ፣ በአንዳንድ ስፍራም ከዚያ በላይ ይይዛል።

ብዙ ባለጀልባዎች ጉዳቱ የሚደርሰው ጀልባይቱ በባሕር ላይ ስትሮጥ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ጨው ክፉ ሥራውን የሚጀምረው ጨዋታው አልቆ፣ ጀልባይቱ ወጥታ፣ ባለቤቷም ደክሞት ወደ ቤቱ ባሰበ ጊዜ ነው፤ ውኃው ሲተን ጨው ብቻውን በብረቱ ላይ ይቀራል፣ የቀረውም ጨው የአየሩን እርጥበት ሌሊቱን ሁሉ ወደ ራሱ እየሳበ ብረቱ ፈጽሞ እንዳይደርቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነገረው ሥርዓት ሁሉ የሚቆመው በአንድ መሠረት ላይ ነው፤ ይኸውም ጀልባይቱ ጨው ሳይደርቅባት፣ በዚያው ዕለት መታጠብ አለባት።

ከሁሉ የሚቀድመው የሞተሩን ውስጥ ማጠብ ነው። ጀልባይቱ በተሳቢዋ ላይ እንደ ወጣች ሰፊና አየር በሚተላለፍበት ሜዳ ትቁም፤ የቤንዚን ሞተር ጭስ ሽታ የሌለውን ገዳይ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድን ስለሚተፋ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ማጠብ ሰው ይገድላል። ሞተሩ ከመነሣቱም በፊት የሞተሩን ክፍል አየር የሚያወጣው ማራገቢያ ቢያንስ 4 ደቂቃ ይሥራ፤ በወለሉ ላይ የተጠራቀመ የቤንዚን ትነት በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳልና። ከዚህ በኋላ የአትክልት ማጠጫው ጎማ በሞተሩ የውኃ መሳቢያ መሥመር ላይ ለመታጠቢያ በተበጀው አፍ ይገጠማል፣ ማርሹ ነፃ ይደረጋል፣ ከፕሮፔለሩ አጠገብ ማንም እንዳይቆም ይታያል።

የውኃው አከፋፈት ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሞተሩ ሳይነሣ የቧንቧ ውኃ በግፊት ቢለቀቅ የሚገፋው ጭስ ስለሌለ ውኃው ማርሚታውን ሞልቶ ወደ ኋላ በመመለስ ሲሊንደር ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ሞተሩ ያለ ውኃ ቢሠራ ደግሞ በውኃ ፓምፑ ውስጥ ያለው ባለክንፍ ጎማ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል። ስለዚህ በብዙዎቹ ሞተሮች ዘንድ ሞተሩ እንደ ተነሣ ውኃው ወዲያው ይከፈታል፣ በመጨረሻም ውኃው ተዘግቶ ሞተሩ በቅጽበት ይጠፋል። ነገር ግን ሞተሩ ጠፍቶ እንዲታጠብ ሆነው የተሠሩም ስላሉ፣ የፋብሪካው መጽሐፍ ሌላ ሥርዓት ያዘዘ እንደሆነ የእርሱ ቃል ይቅደም። ሞተሩ በዝግታ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይሥራ፤ ለዚህ ርዝመት ምክንያቱ ቴርሞስታቱ ነው፣ እርሱ ሞቆ እስኪከፈት ድረስ ንጹሑ ውኃ ወደ ሞተሩ ጥልቅ ክፍል በሚገባ ስለማይደርስ፣ ሦስት ደቂቃ አጥቦ የሚያጠፋ ሰው የባሕሩን ውኃ በሞተሩ ሆድ አሳድሮ ሄደ ማለት ነው። ጨው የሚፈታው ፈሳሽ በገበያ ይገኛል፤ በመታጠቡ መጨረሻ ከውኃው ጋር ቢጨመር ይረዳል፣ የውኃውን ድርሻ ግን ሊተካ አይችልም።

ከመታጠቡ ጋር አብረው የሚታዩ ሌሎች ሦስት ነገሮች አሉ። የፓምፑ ባለክንፍ ጎማ በዓመት አንድ ጊዜ ይለወጥ፤ ክንፍ ጎድሎት ከወጣ ደግሞ የጎደለው ቁራጭ በቱቦዎቹ ተፈልጎ ይገኝ፣ ቀርቶ እንደሆነ ውኃውን ይዘጋልና። የጭስ ማኒፎልዱ በጨው ውኃ የሚበርድ ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚበላ ከውጭ ቀለሙ ደኅና መስሎ ይታያል፣ አንድ ቀን ግን ውኃውን ወደ ሲሊንደር አፍስሶ ሞተሩን ይገድለዋል፤ ስለዚህ በየጥቂት ዓመቱ ተፈትቶ ይመርመር፣ ጓርኒሲዮኑም ይለወጥ። ሦስተኛው ሙቀቱ ነው። በቀጥታ በባሕር ውኃ የሚበርድ ሞተር ቴርሞስታቱ ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 71 ዲግሪ ባለው ሙቀት እንዲሠራ የሚመረጠው ከዚያ በላይ ሲግል በውኃው ውስጥ የሟሟው ማዕድን እየረጋ መተላለፊያውን ስለሚያጠብብ ነውና፣ ከመኪና የተገኘ ቴርሞስታት በዚያ ቦታ መግጠም አይገባም። ከዚህ ሁሉ ጣጣ የሚያወጣው መንገድ ዝግ ማቀዝቀዣ ነው፤ በእርሱ ሞተሩ በራሱ ኩላንት ሲበርድ የባሕሩ ውኃ የሚያልፈው በሙቀት መለዋወጫው ብቻ ነው። ጀልባውን በባሕር ዳርቻ ለማዋል አስቦ አዲስ የሚገዛ ሰው ከጌጡና ከድምፅ ማጉያው ሁሉ አስቀድሞ ይህን ይዘዝ፤ ሲያዝም ማኒፎልዱን ጭምር የሚያካትት መሆኑን ይጠይቅ፣ ማኒፎልዱን ለጨው የሚተው ግማሽ ሥራ አለና።

ከውኃ በታች ያለው አካል ደግሞ ሌላ ጠላት አለው። የተለያዩ ማዕድናት እርስ በርስ ተነካክተው በጨው ውኃ ውስጥ በተቀመጡ ጊዜ በመካከላቸው ደካማ ኤሌክትሪክ ይፈስሳል፣ ከሁለቱም የማይጸናው ይበላል። አላርም የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከእንጨት በል ትል እንድትጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1761 ታችኛው አካሏ በመዳብ ተለብጦ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በተመረመረች ጊዜ መዳቡን የያዙት የብረት ምስማሮች ብዙዎቹ ተበልተው ሲገኙ፣ የመዳቡ መጠቅለያ ወረቀት ሳይነሣ በመካከል የቀረላቸው ምስማሮች ግን ደኅና ነበሩ። በ1824 ደግሞ ሊቁ ሃምፍሪ ዴቪ ጥቂት ዚንክ ወይም ብረት ከመዳቡ ጋር ቢያያዝ እርሱ እየተበላ መዳቡን እንደሚያድን ለሮያል ሶሳይቲ አስረዳ። ዛሬ በመርከብና በጀልባ ሁሉ የምናየው ቤዛ የሚሆነው ቁራጭ ማዕድን ከዚህ ጥበብ የመጣ ነው።

ብዙ የሐይቅ ጀልባዎች ይህ ቤዛ ሳይገጠምላቸው ይሸጣሉ፤ ስለዚህ ወደ ባሕር ከመውረዷ በፊት ለዘንጉ፣ ለዘንጉ ደጋፊና ለመሪው እንዲደርስ ሆኖ ይገጠም። ለጨው ውኃ ዚንክ ወይም ለዚሁ የተቀመመ አሉሚኒየም ይሁን፤ አንድ ጊዜ በባሕር አንድ ጊዜ በሐይቅ ለምትውል አሉሚኒየሙ ይሻላል፣ ማግኒዚየም ግን ለሐይቅ ብቻ የሚሆንና በባሕር ፈጥኖ የሚያልቅ ነው። የሚያርፍበት ብረት እስኪያብረቀርቅ ይፈተግ፣ ማዕድኑም ከቶ ቀለም አይቀባ፣ ግማሹ ካለቀ በኋላም አይጠበቅ፣ ይለወጥ። ከአላርም ምስማሮች የሚገኘው ሁለተኛው ትምህርት፣ ይኸውም የተለያዩ ማዕድናት እንዳይነካኩ በመካከላቸው መለያ ማግባት፣ የሚያስፈልገው ገመዱ በሚታሰርበት ማማ ላይ ነው፤ ማማው አሉሚኒየም፣ ቡሎኖቹ አይዝጌ ብረት ስለሆኑ እየተፈቱ መለያያ ቅባት ይቀቡ፣ የናይለንም ሮንዴላ በመካከል ይግባ።

ውጪው አካል፣ መቀመጫውና የተሳቢው ምንጣፍ በብዙ ውኃና በልዝብ ሳሙና ይታጠቡ። የሚዘነጋው የክብደት ማጠራቀሚያው ነው፤ ጀልባይቱ ማዕበል እንድታነሣ በውስጧ የተሞላው የባሕር ውኃ ተደፍቶ ጥቂት ንጹሕ ውኃ ይግባበት፣ በየፓምፑም ይውጣ፣ አለዚያ ፓምፖቹ በሚቀጥለው ጊዜ ተጣብቀው ይገኛሉ። ሞተሩን ከላይ በግፊት ውኃ መምታት ዲናሞንና ሞቶሪኖን ያበላሻል፤ ይልቅስ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ሲደርቅ ዝገት ተከላካይ ቅባት በስሱ ይነፋበት፣ ቺንጊያው ግን አይንካው። የባትሪውም አፎችና የሽቦው መገጣጠሚያዎች በግራሶ ይሸፈኑ።

ተሳቢው የጀልባይቱን ያህል ይጎዳል። ከረጅም መንገድ የመጣ ጎማው የጋለበት ተሳቢ ወዲያው ወደ ባሕር ቢገባ በኩሽኔታው ቤት ያለው አየር በድንገት ቀዝቅዞ ጨዋማውን ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ጥቂት ጊዜ ቆሞ ይቀዝቅዝ። ሲወጣ ፍሬኑና የብረቱ ባዶ ውስጥ ሳይቀሩ በውኃ ይጥለቅለቁ። ለባሕር የሚገዛ ተሳቢ በዚንክ የተነከረ እንጂ ቀለም ብቻ የተቀባ አይሁን።

በብዙ ወደቦች፣ በተለይም ወገኖቻችን በብዛት ተቀጥረው በሚኖሩባቸው የባሕረ ሰላጤ አገሮች፣ ጀልባ የሚያጥበው ባለቤቱ ሳይሆን ተቀጣሪው ነው። ባለንብረቶች ሆይ፣ የጨዋታውን ሰዓት ስታራዝሙ የማጠቢያውን ሰዓት ከሠራተኛው ዕረፍት አትቁረጡ፤ ቀረብ ያለ ቧንቧ፣ በሚያነበው ቋንቋ የተጻፈ የሞተሩን ሥርዓትና የሚበቃ ጊዜ ስጡት። አንድ ሰዓት የሚያህለው የእርሱ ሥራ አንድ አዲስ ሞተር ያድናል።