በጥርስ ተከላ ሕክምና የመጠበቂያ ጊዜ፦ ከወራት ቆጠራ ወደ አጥንት ምዘና

የቲታኒየም ኢምፕላንት የጎደለን ጥርስ ለመተካት ከሚያገለግሉት ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስና ድልድይ የሚለየው፣ ድጋፉን በቀጥታ ከመንጋጋ አጥንት በማግኘቱ ነው። ስለሆነም ኢምፕላንቱ ከተቀበረበት ዕለት አንሥቶ የማኘክ ጫና እስከሚሸከምበት ቀን ድረስ ያለው ቆይታ በሕክምናው ውጤት ላይ ከፍተኛ ድርሻ አለው። ይህ ጽሑፍ ቆይታው ለምን እንደሚያስፈልግና በምን ሁኔታ ሊያጥር እንደሚችል ይመረምራል።

ስዊድናዊው ተመራማሪ ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጥንቸል አጥንት ውስጥ የደም ዝውውርን በቲታኒየም መሣሪያ ሲያጠና፣ ብረቱ ከአጥንቱ ጋር በጽኑ መያያዙን አስተዋለ። ይህ ክስተት በኋላ ኦሴኦኢንተግሬሽን ተባለ፤ በ1965 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጎተንበርግ ለጥርስ ሕክምና ዋለ። ቀደምቱ የሕክምና ሥርዓት ጫና ከማሳረፍ በፊት ለታችኛው መንጋጋ 3 ወር ያህል፣ አጥንቱ ይበልጥ ስፖንጃማ ለሆነው ለላይኛው ደግሞ 6 ወር ያህል መጠበቅን ያዝዝ ነበር።

የጥንቃቄው መሠረት ሥነ ሕይወታዊ ነው። ኢምፕላንቱ በመጀመሪያ የሚጸናው እንደ ብሎን አጥንቱን ነክሶ በመያዙ ነው። በቀጣዮቹ ሳምንታት በቁፋሮው የተጎዳው አጥንት በሕዋሳት እየተመጠጠ ይወገዳል፤ በምትኩም አዲስ አጥንት ይገነባል። አሮጌው ድጋፍ ሲቀንስ አዲሱ ገና ስላልጠነከረ፣ በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት አካባቢ አጠቃላይ ጥብቀቱ ሊዳከም ይችላል። በዚህ ወቅት ኢምፕላንቱ ከ150 ማይክሮን ገደማ በላይ ደጋግሞ ከተንቀሳቀሰ፣ ዙሪያውን አጥንት ሳይሆን ለስላሳ ጠባሳ መሰል ሕብረ ሕዋስ ይሸፍነዋል፤ ጫና የመሸከም አቅሙንም ያጣል።

የኢምፕላንቱን ገጽ በአሲድና በአሸዋ ርጭት ማሻከር የአጥንቱን ግንባታ በማፋጠኑ ይህን የመጠበቂያ ጊዜ ለማሳጠር አስችሏል። አጥንቱ ጥቅጥቅ ያለ ሲሆን፣ ኢምፕላንቱም በመነሻው በጥብቅ ሲያዝ፣ በተለይም በርካታ ኢምፕላንቶች በአንድ ጠንካራ ማያያዣ ሲጣመሩ፣ ጊዜያዊ ጥርስ በዚያው ዕለት ሊገጠም ይችላል። በአንጻሩ ከባድ አጫሽነት፣ ቁጥጥር የሌለው የስኳር ሕመም ወይም የአጥንት መሳሳት ሲኖር መታገሥ ይመረጣል።

ታካሚው ያለ ጥርስ የሚያሳልፈው ጊዜ አመጋገቡንም ንግግሩንም ስለሚነካ፣ ያለ ምክንያት ማዘግየት የራሱ ዋጋ አለው፤ መቸኮል ደግሞ ኢምፕላንቱን ሊያሳጣ፣ ዳግም ቀዶ ሕክምናም ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ቀደምቱ የ3 እና የ6 ወር ልክ ለሁሉም እኩል የሚጸና ሕግ ሊሆን አይገባም። በተከላው ዕለት የተመዘገበው የማጥበቂያ ኃይል፣ በየጊዜው በንዝረት መለኪያ የሚገኘው የጥብቀት ውጤት፣ የአጥንቱ ጥራትና የታካሚው ጤንነት በአንድነት ሲመዘኑ ውሳኔው በያንዳንዱ ታካሚ አጥንት ላይ ይመሠረታል።