ለእርሻ መሣሪያ ጥገና የሚሆን ተንቀሳቃሽ የሚግ መበየጃ አመራረጥ
ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

የመውቂያ መኪና፣ ጋሪ፣ መከስከሻና የውሃ ፓምፕ ማቆሚያ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበሩት ሥራ በሚበዛበት ወቅት ነው። የከተማው ጋራዥ ሩቅ ሲሆን ለአንዲት ስንጥቅ ብዙ የሥራ ቀን ይባክናል። ስለዚህ አንድ ማኅበር የራሱን መበየጃ ለመግዛት ቢያስብ ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ ያለ ጥናት የተገዛ መኪና ችግሩን አያቃልልም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የሚያውቀው አንድ ማኅበር በጋዝ የሚሠራ መበየጃ ገዝቶ ነበር። በመኸር መካከል የመውቂያው ወንፊት ማቀፊያ ሲሰነጠቅ ሲሊንደሩ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ተሞልቶ ሲመለስ ደግሞ ሥራው በሜዳ ላይ ስለነበር ነፋሱ ጋዙን እየበተነው ብየዳው ቀዳዳ በቀዳዳ ሆነ። በዚያው ሰሞን በወረደው ዝናብ ያልተወቃው የስንዴ ክምር በቀለ። ጥፋቱ የመኪናው አልነበረም፤ የሚሠራበት ቦታ አስቀድሞ ባለመታሰቡ ነው።

1. በጋዝ ወይስ ያለ ጋዝ?

በሚግ ብየዳ ቀጭን ሽቦ ከጥቅሉ በሞተር እየተገፋ ይወጣና በኤሌክትሪክ ኃይል እየቀለጠ ብረትን ከብረት ያያይዛል። የቀለጠው ብረት አየር ካገኘው ስለሚበላሽ መከላከያ ያስፈልገዋል። መከላከያውም ሁለት ዓይነት ነው።

ሀ/ በጋዝ፦ ጋዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም የአርጎንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ድብልቅ ነው። ብየዳው ንጹሕ ስለሚሆን ለቀጭን ላሜራና ለቱቦላሬ ይስማማል። ነገር ግን በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ያህል የሚነፍስ ቀላል ነፋስ እንኳ ያበላሸዋል። ስለዚህ ተስማሚነቱ ከነፋስ ለተጠለለ ወርክሾፕ ነው።

ለ/ ያለ ጋዝ፦ ሽቦው ውስጡ መከላከያ ዱቄት የተሞላ ነው። ነፋስን ይበልጥ ይቋቋማል፤ ሲሊንደር ማመላለስንም ያስቀራል። በአንጻሩ ጭሱና ፍንጣሪው ይበዛል፤ በብየዳው ላይ የሚቀረው ቅርፊትም በመዶሻ መነሣት አለበት። ሽቦው እርጥበት እንዳያገኘው በደረቅ ቦታ ይቀመጥ።

በጋዝ ሲሠራ ቶርቹ ከፖዘቲቭ ጋር ይያያዛል፤ ያለ ጋዝ የሚሠራው ሽቦ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነጋቲቭ ይፈልጋል። መኪናው ይህን ለመቀያየር የሚያስችል መሆኑ ከግዢ በፊት ይረጋገጥ።

2. የብረቱ ውፍረትና የመኪናው አቅም

ለ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት 40 አምፔር ያህል ያስፈልጋል ብሎ መገመት ይቻላል። ለምሳሌ 3 ሚሊ ሜትር አንግል 120 አምፔር ይጠይቃል። በሻጩ ወረቀት ላይ ከሚታየው ከፍተኛ አምፔር ጎን የተጻፈው የመቶኛ ቁጥርም መነበብ አለበት። «160 አምፔር በ30 በመቶ» ማለት ከ10 ደቂቃ ውስጥ 3 ደቂቃ በይዶ 7 ደቂቃ ማሳረፍ ማለት ነው።

ወፍራም ብረት ለሚበዛበት ማኅበር በሽቦም በተራ ኤሌክትሮድም የሚሠራ መኪና ይመረጣል። ሽቦው ሲያልቅም ሥራው አይቆምም።

3. የኤሌክትሪክ ምንጭ

በ120 አምፔር የሚበይድ መኪና ከ220 ቮልት መስመር 20 አምፔር ያህል ይስባል። ይህ ለተራ የቤት ሶኬት ከባድ ስለሆነ ራሱን የቻለ መስመርና ብሬከር ያስፈልገዋል።

በእርሻ ላይ ጄነሬተር የሚጠቀሙ ማኅበራት የቦታውን ከፍታ ማሰብ ይኖርባቸዋል። ተራ ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ 8 ኪሎ ቮልት አምፔር የተጻፈበት ጄነሬተር በ2400 ሜትር ከፍታ 6 ያህል ብቻ ይሰጣል። ጄነሬተሩ በዚህ ሂሳብ ከተቀነሰ በኋላም መበየጃው ከሚጠይቀው በሲሶ ያህል መብለጥ አለበት።

ማራዘሚያ ገመድ ቀጭንና ረጅም አይሁን። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የ50 ሜትር ገመድ በ20 አምፔር 14 ቮልት ያህል ያባክናል። በሥራ ጊዜም ተጠቅልሎ መቀመጥ የለበትም፤ ይግላልና።

4. ማሳሰቢያ

- ነዳጅ ወይም ፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት በርሜል በፍጹም አይበየድ። ሊፈነዳ ወይም መርዛማ ጭስ ሊያወጣ ይችላል።
- ዚንክ የተቀባ ብረት ከመበየዱ በፊት ቅቡ ይነሣ፤ ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል።
- ከቀለጠ ብረት በቅርጽ የተሠሩ የሞተርና የፓምፕ አካላት፣ እንዲሁም ጠንካራ የማረሻ ብረት በተራ የሚግ ሽቦ ሲበየዱ ይሰነጠቃሉ። ለባለሙያ ወይም ለአንጥረኛ ይሰጡ።
- በያጁም ረዳቱም የዓይን መከላከያ ያድርጉ።

ማጠቃለያ

ማኅበሩ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ባለፈው ዓመት የተሰበሩትን ዕቃዎች፣ ውፍረታቸውንና የተሰበሩበትን ቦታ ይመዝግብ። ሥራው በሜዳ ላይ የሚበዛ ከሆነ ያለ ጋዝም በኤሌክትሮድም የሚሠራውን ይምረጥ። ሻጩም መኪናውን በማኅበሩ ጄነሬተርና በማኅበሩ ብረት ላይ ሠርቶ ያሳይ። የልማት ሠራተኛው ይህን ምዝገባ ማኅበሩ ከመኸር በፊት እንዲያጠናቅቅ ይርዳ።