አራት ሰዓት ለምን? ስለ ዲፊውዥንና ስለ ኩላሊት እጥበት

አክስቴ በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ታደርጋለች፤ እያንዳንዱ አራት ሰዓት ነው። ግማሽ ሰዓት ሲቀራት «ይብቃኝ፣ ንቀሉኝ» ማለት ለምዳለች። አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ሳለ «አንቺ ነርስ ልትሆኚ አይደል? ማሽኑን ጠንከር አድርገው በሁለት ሰዓት ለምን አይጨርሱኝም?» አለችኝ። «ሐኪሙን እንጠይቅ» ብዬ አለፍኩት። ስለ ዲፊውዥን ተፈትኜ በጥሩ ውጤት ካለፍኩ ገና ወር አልሞላኝም ነበር። አፈርኩ።

ክፍል ውስጥ የተሰጠን ትርጉም አጭር ነው፦ ሞለኪዩሎች ከበዙበት ቦታ ወደ አነሱበት ይሄዳሉ። እኔን ያሳሳተኝ «ይሄዳሉ» የሚለው ቃል ነው። መንገዱን የሚያውቅ ሞለኪዩል የለም። ፈሳሽ ውስጥ ያለ ሞለኪዩል በጎረቤቶቹ እየተገፋ ወዲህም ወዲያም ይንገዋለላል። ከበዙበት በኩል የሚነሱት ስለሚበልጡ ብቻ፣ ወደ አነሱበት የሚሻገሩት ይበዛሉ።

እንዲህ ያለ ጉዞ በጣም ቀርፋፋ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። ኦክስጅን በረጋ ውሃ ውስጥ 10 ማይክሮሜትር፣ ማለትም የአንድ ሴል ስፋት ያህል፣ ለመሻገር በግምት 0.025 ሰከንድ ይበቃዋል። 1 ሚሊሜትር 4 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ 1 ሴንቲሜትር ደግሞ 7 ሰዓት። 1 ሜትር ቢሆን 8 ዓመት ገደማ! ልብና የደም ሥር ያስፈለጉን ለዚህ ነው፤ ሩቁን መንገድ ደም ይሸከማል፣ ለዲፊውዥን የሚቀረው የመጨረሻዋ ትንሽ ርቀት ናት። ሳታማስሉ የጠጣችሁት ቡና መጨረሻው ላይ ብቻ የሚጣፍጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቡናው ፍጹም ቢረጋ ስኳሩ 3 ሴንቲሜትር ለመውጣት ከሳምንት በላይ ይፈልጋል።

ይህ እንዴት ተለካ? በ1855 ጀርመናዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ አዶልፍ ፊክ ከቱቦ ሥር ጨው አድርጎ ከላይ ንጹህ ውሃ እንዲኖር አደረገ። ከዚያ ከሚዛን ላይ የተንጠለጠለች የመስታወት ኳስ በተለያየ ጥልቀት እያወረደ መዘናት። ጨው በበዛበት ጥልቀት ውሃው ኳሷን ይበልጥ ወደ ላይ ስለሚገፋት ክብደቷ ይቀንሳል። በዚህ ቀላል ዘዴ የጨው መጠን ከታች ወደ ላይ እንዴት እንደሚቀንስ አየ። ሕጉ ዛሬም በስሙ ይጠራል፦ የመጠን ልዩነቱ ሲሰፋ ፍሰቱ ይጨምራል፣ ርቀቱ ሲረዝም ይቀንሳል። ዛሬ በኤምአርአይ የውሃን ዲፊውዥን ሰው አንጎል ውስጥ ሳይቀር መለካት ይቻላል፤ ስትሮክ ሲደርስ በተጎዳው ቦታ ስለሚቀንስ ጉዳቱ ቶሎ ይታያል።

ወደ አክስቴ ልመለስ። «እጥበት» የሚለው ቃል ፈትጎ ማጠብ ያስመስለዋል እንጂ የሚፈተግ ነገር የለም። ደሟ በብዙ ሺህ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ያልፋል፤ ከቱቦዎቹ ውጭ ሌላ ፈሳሽ በተቃራኒ አቅጣጫ ይፈስሳል፣ የመጠን ልዩነቱ እስከ ጫፍ እንዲቆይ። ዩሪያ ትንሽ ስለሆነ (የሞለኪዩል ክብደቱ 60 ነው) ቶሎ ይሾልካል። ቤታ-2 ማይክሮግሎቡሊን ግን ወደ 11,800 ስለሚጠጋ ይንቀረፈፋል። ትርፍ ውሃው የሚወጣው ደግሞ በዲፊውዥን ሳይሆን በግፊት ነው፤ ሲቸኩሉበት የደም ግፊቷ ይወርዳል፣ እግሯም ይጨመደዳል።

ዋናው መልስ ግን ከማሽኑ ውጭ ነው። ማሽኑ የሚያገኘው ደሟን ብቻ ነው፤ ዩሪያውና ፎስፌቱ በአብዛኛው ከደም ሥር ውጭ፣ በየሴሉና በየሥጋው ውስጥ ተቀምጧል። ከዚያ ወጥቶ ወደ ደም እስኪገባ መጠበቅ ግድ ነው፣ ማሽኑን ማጠንከር ይህን አያፋጥነውም። ሕክምናው እንዳለቀ በደም ውስጥ ያለው ዩሪያ በግማሽ ሰዓትና በአንድ ሰዓት መካከል መልሶ ከፍ የሚለውም ወደኋላ የቀረው ስለሚደርስ ነው።

ይህን ሁሉ በቡናው ምሳሌ ነገርኳት። ትንሽ አሰብ አድርጋ «ታዲያ ማንኪያ የለውም?» አለችኝ። ለደሙ አለው፣ ፓምፑ ነው፤ ለሴሉ ውስጥ ግን የለም አልኳት። ባለፈው ማክሰኞ «ንቀሉኝ» ያለችው አሥር ደቂቃ ሲቀራት ነው።