የአርዲቦን ጥልቀት ስንለካ የማይታየውን ስሕተት እንዴት እንያዘው?

አርዲቦ ሐይቅ ላይ በኢኮ ሳውንደር ጥልቀት የሚለካ ባለሙያ ሁለት ዓይነት ስሕተት ያጋጥመዋል። አንደኛው በየንባቡ ወዲያና ወዲህ የሚዋልል ነው፤ ደጋግሞ በመለካት ይቀንሳል። ሁለተኛው ሁሉንም ንባብ ወደ አንድ ወገን የሚገፋ የጋራ ስሕተት ነው፤ መቶ ጊዜ ቢለካም ንቅንቅ አይልም። ይህ መመሪያ ስለ ሁለተኛው ነው።

መጀመሪያ የታወቀውን ያርሙ። መሣሪያው በቀጥታ የሚለካው ድምፅ ወርዶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ እንጂ ጥልቀትን አይደለም። የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 1500 ሜትር ተብሎ ተሞልቶ ከሆነ ይጠንቀቁ፤ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ጨው አልባ ውሃ ውስጥ 1482 ገደማ ነው። መሣሪያው 60 ሜትር ሲል እውነቱ 59.28 ነው ማለት ነው። ሰባ ሴንቲ ሜትር የሚያህል ልዩነት በጥርጣሬ ስም አይታለፍም፤ ይታረማል።

ከእርማቱ በኋላ የሚቀረውን ወሰን ይስጡት። ለምሳሌ ድምፅ ላኪው ከውሃው ገጽ በታች ስንት ሴንቲ ሜትር ጠልቋል? አንድ ሰው ተጨምሮ ሲሳፈር ጀልባው ዝቅ ይላል፤ ላኪውም አብሮ ይወርዳል። «ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ አይሳሳትም» ካሉና በወሰኑ ውስጥ የትኛውንም ዋጋ ከሌላው የሚያስመርጥ ምክንያት ከሌለዎት፣ 5ን ለ3 ስኩዌር ሩት ያካፍሉ፤ 2.9 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የአንዱ ንባብ ዋላይ ስሕተት 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የመቶ ንባብ አማካይ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይቀረዋል። ሁለቱ በስኩዌር ሲደመሩ 3.1 ይሆናሉ። ሌላ ሺህ ንባብ ቢጨምሩ ከ2.9 በታች አይወርድም።

ንባቦቹን በሊስት ስኩዌርስ ሲያጣምሩ ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ነው። ስሌቱ ስሕተቶቹ ተዛማጅ መሆናቸውን ካልነገሩት አያውቅም፤ እያንዳንዱን ንባብ ራሱን የቻለ ምስክር አድርጎ ይቆጥራል። ስለዚህ ለጀልባው መጥለቅ ስሕተት አንድ ያልታወቀ ቁጥር፣ ለድምፅ ፍጥነቱ ስሕተት ደግሞ ሌላ ወደ እኩልታው ያስገቡ። ለእያንዳንዳቸው «ዋጋው ዜሮ ነው፣ ጥርጣሬው ይህን ያህል» የሚል አንድ ተጨማሪ ንባብ ይጻፉ፤ ለመጥለቁ 2.9 ሴንቲ ሜትሩን ማለት ነው። ጭነቱ በተለወጠ ቁጥር ለመጥለቁ አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል። በኮቫሪያንስ ማትሪክስ መሥራት የሚመርጡ ሰዎች የጋራውን ቫሪያንስ ከዲያጎናሉ ውጭም ቢሞሉ ውጤቱ ያው ነው።

ቀሪ ልዩነቶቹ ትንሽ ስለሆኑ ግን አይደሰቱ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ጀልባ የተሠሩ መስቀለኛ መስመሮች ቢስማሙ የጋራው ስሕተት ከሁለቱም ላይ ስለሚጠፋ ምንም አያረጋግጡም። የጋራውን ስሕተት የሚያጋልጠው ሌላ ዓይነት ልኬት ነው። ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ ጠፍጣፋ ብረት በሰንሰለት አስረው ከላኪው ሥር፣ ከውሃው ገጽ በ5፣ በ10 እና በ20 ሜትር ያንጠልጥሉ። ሰንሰለቱ ራሱ አስቀድሞ ዳር ላይ በብረት ሜትር ይለካ። ንባቡን ከሰንሰለቱ ርዝመት ጋር በቀጥታ መስመር ሲያገናኙት፣ መስመሩ ከዜሮ የሚነሣበት ልዩነት የመጥለቁን ስሕተት፣ ተዳፋቱ የፍጥነቱን ያሳያል። ከ20 ሜትር በታች ያለው ግን ግምት ነው፤ ጥልቁ ውሃ ከላዩ ሊቀዘቅዝ ስለሚችል ሙቀቱን እየወረዱ ይለኩ።

ሪፖርት ላይ ዋላዩንና የጋራውን ለየብቻ ይጻፉ። ለውሃ መጠን ስሌት የጋራው ይከብዳል፦ የሐይቁን ስፋት 15 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ብንይዝ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ 450,000 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። በሁለት ዓመታት መካከል ያለውን ለውጥ ለሚፈልግ ግን በሁለቱም ጊዜ የነበረው አንድ ዓይነት ስሕተት ይጠፋል። ለመስኖ ውሃ የሚያከፋፍሉ ኃላፊዎች ሪፖርቱን ሲረከቡ የሰንሰለቱን ንባብ አብረው ይጠይቁ፤ ከሌለ አይቀበሉት።