ማንበቢያውን ከመምረጣችን በፊት ንባባችንን እንወቅ

መግቢያ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላል። ባለፈው ሰሞን በቤተ መጻሕፍታችን በረንዳ ላይ በሁለት ሠልጣኝ ባልደረቦቻችን መካከል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ሁለቱም የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ይዘዋል፤ የአንዱ ከአክስቱ፣ የሌላይቱ ከወንድሟ የተላከ ነው። የተሠሩት በተለያዩ ኩባንያዎች ነው። «የኔን የሚያህል የለም!» «እንዴ! ያንተ እኮ ከኔ ጋር አይወዳደርም!» ተባባሉ። የሚገርመው አንዳቸውም የሌላውን ዕቃ በእጃቸው ይዘው አለማየታቸው ነው። እኛም ከጎን ሆነን ስናዳምጥ ቆይተን «ለመሆኑ ምን ምን ታነቡበታላችሁ?» ብለን ጠየቅናቸው። ሁለቱም መልሱን ቶሎ አላገኙትም።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ይኸው ነው። ከመካከላችን ብዙዎቹ በቅርቡ ወደየትምህርት ቤቱ የሚመደቡ ናቸው። እንዲህ ያለ ዕቃ መግዛት ለጀማሪ መምህር ደመወዝ ቀላል ወጪ አይደለም። ከዚህም በላይ መምህር የሚያነበው ለራሱ ብቻ አይደለምና ምርጫው ተማሪዎቹንም ይነካል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ልብ ይበሉልን።

ሀ. ዕቃው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ማንበቢያውን ከስልክ ወይም ከታብሌት ጋር ያምታታዋል። ዋናው ልዩነት ያለው በገጹ ላይ ነው። የስልክ ገጽ ራሱ ብርሃን እየረጨ የሚታይ ሲሆን፣ የማንበቢያው ገጽ ግን እንደ ወረቀት ያረፈበትን ብርሃን መልሶ የሚያሳይ ነው። በመሆኑም ጠራራ ፀሐይ ላይ ስልክ አልታይ ሲል ማንበቢያው ይበልጥ ይጠራል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ኢ-ኢንክ በሚባለው ገጽ ውስጥ እጅግ ጥቃቅን እንክብሎች አሉ። በእያንዳንዱ እንክብል ውስጥ ነጭና ጥቁር ብናኞች በጠራ ፈሳሽ ውስጥ ይገኛሉ። የነጩና የጥቁሩ የኤሌክትሪክ ሙል ተቃራኒ ስለሆነ፣ አንዱ ወደ ላይ ሲሳብ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል፤ ፊደልም ይሠራል። ብናኞቹ አንዴ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥም አይነቃነቁም። ስለዚህም ዕቃው ኃይል የሚፈጀው በአብዛኛው ገጽ ሲገለበጥ ነው፤ አንድ ጊዜ የተሞላ ባትሪም ለሳምንታት ያገለግላል። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ለሚያስተምር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጉድለትም አለው። ገጽ ሲገለበጥ ዘገምተኛ ነው፤ ቀለማት ያላቸው ቢወጡም አብዛኞቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው። ባለ ቀለም ካርታ ወይም የሰውነት ክፍሎች ሥዕል ለማሳየት ለሚፈልግ መምህር አይመችም።

ለ. ተፎካካሪዎቹ እነማን ናቸው?

በዚህ ቀለም የሚሠራ ማንበቢያ መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው ሶኒ ነው፤ ይኸውም በ2004 በጃፓን አገር ነው። የዚያ ዕቃ መጻሕፍት ግን ከ60 ቀን በኋላ የማይከፈቱ ስለነበሩ ሰው ብዙም አልወደደውም። ሶኒ በ2006 በአሜሪካ ሌላ ማንበቢያ አወጣ። በኅዳር 2007 አማዞን ኪንድልን በ399 ዶላር ሲያቀርብ የተዘጋጀው ሁሉ በአምስት ሰዓት ተኩል ውስጥ ተሸጦ አለቀ። በ2009 ባርንስ ኤንድ ኖብል የተባለው መጻሕፍት ሻጭ ኑክን፣ በ2010 ደግሞ የካናዳው ኮቦ የራሱን አስከተለ። ፉክክሩም ዋጋውን አወረደው። በ2011 ማስታወቂያ የሚያሳይ ኪንድል በ79 ዶላር ይሸጥ ነበር።

ከዚህ ላይ ልናሰምርበት የሚገባ ነገር አለ። የእነዚህ ዕቃዎች ገጽ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ዋናው ልዩነት ያለው መጽሐፉ በሚገባበትና በሚወጣበት በር ላይ ነው። ሶኒ፣ ኑክና ኮቦ ኢፐብ የተባለውን የጋራ የመጽሐፍ አቀራረብ ተቀበሉ። ኪንድል ግን በራሱ አቀራረብ ጸና። በዚህም ምክንያት የአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ሲያውሱ የሌሎቹ ባለቤቶች ቀድመው ሲጠቀሙ፣ የኪንድል ባለቤቶች እስከ መስከረም 2011 ድረስ መጠበቅ ግድ ሆኖባቸዋል። በሌላ በኩል የኪንድል መደብር ብዙ መጻሕፍት የያዘና ለመግዛትም እጅግ ቀላል በመሆኑ ባለቤቶቹ ደስተኞች ነበሩ። እንግዲህ የትኛው ይሻላል? የሚዋስ ሰውና የሚገዛ ሰው መልሳቸው አንድ አይሆንም።

ሐ. ባለቤቶቹ ምን ይሰማቸዋል?

ሰው ገንዘቡን ያወጣበትን፣ መጻሕፍቱንም ያከማቸበትን ዕቃ ሲነቅፉበት ራሱ የተነቀፈ ይመስለዋል። አንድ መቶ መጽሐፍ በአንድ መደብር ከገዛ በኋላ ወደ ሌላው ለመዛወር ቢያስብ፣ የተገዙት መጻሕፍት አብረውት ላይሄዱ ይችላሉ። በመሆኑም «የኔ ይሻላል» የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ ፍቅር ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን መውጫ የማጣት ምልክት ነው። ምክር ስንጠይቅ ይህን ለይተን መስማት ይኖርብናል።

ለኛ ሙያ ከሁሉ የሚጠቅመው በ2009 በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተደረገው ሙከራ ነው። ሰፋ ያለ ገጽ ያለው ኪንድል ዲኤክስ ለመማሪያነት እንዲሞከር ለተማሪዎች ታደለ። በፕሪንስተን ተካፋዮቹ የሚያትሙት ወረቀት በግማሽ ያህል ቀነሰላቸው። ይህ መልካም ነው። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የዳርደን የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ግን ሁለት ጥያቄ ቀረበላቸው። «ለአዲስ ተማሪ፣ ለትምህርቱ እንዲሆነው ትመክሩለታላችሁ?» ሲባሉ ከአራቱ ሦስቱ ያህል «አንመክርም» አሉ። «ለግል ንባብስ?» ሲባሉ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ «አዎን» ብለው መለሱ። ያው ሰው፣ ያው ዕቃ ነው! የተለወጠው ሥራው ብቻ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ጥናት ይረዳናል። በዚያ የተጠኑት 39 የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ከ7 ወራት በኋላ ከመቶ 60 የሚበልጡት ዕቃውን ለትምህርት ንባብ አዘውትረው መጠቀም ትተው ነበር። ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተራ ይሄዳል። የሚያጠና ሰው ግን ወደፊት ይዘላል፣ ወደኋላ ይመለሳል፣ ኅዳግ ላይ ይጽፋል፣ «ያ ነገር በግራ ገጽ ከታች ነበር» እያለ በዓይኑ ያስታውሳል። ዕቃው ይህን የቦታ ትዝታ ስለሚነሳ፣ አንዳንዶቹ ወረቀት ከጎኑ አስቀምጠው ማስታወሻ ይይዙ ነበር።

በዚያው ሙከራ ሌላም ነገር ታየ። ዕቃው ጽሑፍን በድምፅ ማንበብ ቢችልም፣ የመጽሐፍ ዝርዝሩንና ማዘዣዎቹን ግን በድምፅ ስለማይናገር ዓይነ ስውር ተማሪ ብቻውን ሊከፍተው አልቻለም። በዚህ ምክንያት የዓይነ ስውራን ማኅበራት በ2009 የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲን ከሰሱ፤ ጉዳዩም በጥር 2010 በስምምነት አለቀ። ለአንድ ክፍል ዕቃ የሚመርጥ መምህር «ከተማሪዎቼ መካከል ሊጠቀምበት የማይችል አለ ወይ?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ እንዳለበት ከዚህ እንማራለን።

መ. መጽሐፉ የማን ነው?

በሐምሌ 2009 ሌላ ድርጊት ተፈጸመ። አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን «1984» እና «የእንስሳት እርሻ» ከገዙ ሰዎች ኪንድል ላይ ከሩቅ ሆኖ አጠፋቸው። ምክንያቱ መጻሕፍቱን ያቀረበው ወገን የመሸጥ መብት ስላልነበረው ነው። ገንዘቡ ተመልሷል፣ የኩባንያው ኃላፊም በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል። ነገር ግን በሚቺገን አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ «1984»ን ለቤት ሥራው እያነበበ ማስታወሻ ይይዝበት ነበር። ማስታወሻው ቀረ፤ የሚያመለክተው ገጽ ግን የለም! ተማሪው ክስ መሥርቶ በስምምነት አለቀ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሶኒ በ2014 የሰሜን አሜሪካ መደብሩን ዘግቶ ደንበኞቹን ወደ ኮቦ አዛወረ። ማይክሮሶፍት በ2019 የመጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ የተገዙት መጻሕፍት ሁሉ ተዘጉ፤ ገንዘቡ ግን ለገዢዎቹ ተመለሰ። በየካቲት 2025 ደግሞ አማዞን የተገዛ መጽሐፍን በኮምፒዩተር አውርዶ በሽቦ ወደ ኪንድል ማስተላለፍ የሚቻልበትን መንገድ አስቀረ።

ማዋስንም እንመልከት። ኑክ ሲወጣ መጽሐፍ ማዋስ ይቻል ነበር፤ ግን ከተፈቀዱት መጻሕፍት አንዱን ለአንድ ሰው፣ ለ14 ቀን፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በወረቀት መጽሐፍ ይህን ብናደርግ ምን ይባላል? አንድ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሽፋኑ እስኪለቅ የሚነበብበት ትምህርት ቤት ለሚጠብቀን ሰዎች፣ የማይዋስ መጽሐፍ እኩሌታው ጥቅሙ የቀረ ነው።

ሠ. ወደኛ ሁኔታ ስንመለስ

ከላይ የጠቀስናቸውን ሁለት ባልደረቦቻችንን አንድ ነገር እንዲያደርጉ ጠየቅናቸው፤ የሥነ ዘዴ ትምህርታችንን ሞጁል በየዕቃቸው እንዲከፍቱ። ሞጁሉ በሰፊ ወረቀት ልክ የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ነው። በአንደኛው ላይ ፊደሉ እንደ ጤፍ ደቀቀ፤ ሲያጎሉት ደግሞ መስመሩ ከገጹ ወጣ። ሌላይቱ ያንኑ ጽሑፍ በሌላ አቀራረብ ብትሞክር፣ በፊደላቱ ፈንታ ባዶ ሳጥኖች ተደረደሩላት። ክርክሩም በሣቅ አለቀ።

ፊደላችን በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት ሰንጠረዥ፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ስለዚህ ችግሩ የፊደሉ አይደለም፤ በዕቃው ውስጥ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ አለመጫኑ ነው። የፊደል ቅርጹን ከውጭ ለመጫን የሚፈቅዱ ዕቃዎች አሉ፤ ከመግዛት በፊት መሞከር ግን ግድ ነው። እንደ ፎቶ የተነሡ ፒዲኤፎችን ለሚያነብ ሰው ደግሞ ሰፊ ገጽ ያለው ዕቃ ካልሆነ ባለ 6 ኢንቹ ዓይን ከማድከም በቀር አይረዳም።

ስብራትንም አንርሳ። በ2010 ወርልድሪደር የተባለው ድርጅት በጋና ትምህርት ቤቶች ኪንድሎችን አድሎ ነበር። ተማሪዎቹ ብዙ መጻሕፍት አገኙ፤ ይሁን እንጂ በሙከራው ከታደሉት ዕቃዎች ከመቶ 40 የሚበልጡት ተሰበሩ። ገጹ በቀላሉ የሚሰነጠቅ መስተዋት ነውና። ወረቀት ቢወድቅ አቧራውን አራግፈን እናነባለን፤ ይኸኛው ሲወድቅ ግን መደርደሪያው ሁሉ አብሮ ይወድቃል።

ረ. ከመግዛት በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

1. የማነበው ምንድን ነው? በተራ የሚነበብ ትረካ ነው ወይስ እየተመላለስኩ የማጠናው ትምህርት?
2. የማነበው ጽሑፍ በየትኛው አቀራረብ ይገኛል? ዕቃው ይከፍተዋል?
3. ግዕዝ ፊደልን በትክክል ያሳያል? በዓይኔ አይቻለሁ ወይስ ተነግሮኝ ነው?
4. መደብሩ ቢዘጋ መጻሕፍቴና ማስታወሻዎቼ በእጄ ይቀራሉ?
5. ለባልደረባዬ ወይም ለተማሪዬ ማዋስ እችላለሁ?
6. ቢሰበር የሚጠግንልኝ አለ?

ማጠቃለያ

እኛ ዕቃውን የምንቃወም አይደለንም። በአንድ እጅ በሚያዝ ነገር ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ይዞ ወደ ሩቅ ወረዳ መሄድ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ «ለምን ሥራ?» የሚለውን ካላስከተለ መልስ የለውም። በክፍል ውስጥም ቢሆን መርጃ መሣሪያ የሚመረጠው የትምህርቱ ዓላማ ከተወሰነ በኋላ መሆኑን በየቀኑ እየተማርን ነው። ለራሳችንም ይኸው ደንብ ይሠራል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባለፈው ሳምንት ካነበባችሁት ውስጥ ምን ያህሉ በማንበቢያ ሊነበብ ይችል ነበር? ምን ያህሉስ አይችልም ነበር?
2. ሃምሳ ተማሪ ባለበት ክፍል አንድ ማንበቢያና በዋጋው የሚገዙ የወረቀት መጻሕፍት ቢቀርቡላችሁ የትኛውን ትመርጣላችሁ? ምክንያታችሁን አስረዱ።